ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚንጠባጠብ ውሃ

(የአድማጮች ጥያቄና መልስ፤ መላሹ የአንገት በላይ ሐኪም ናቸው)

ጥያቄ፦ የምደውለው ከመሐል ሜዳ ነው። ልጄ ከፈረስ ወድቆ ግንባሩን ተመትቶ ነበር። ቁስሉ ከዳነ ወር አልፎታል፤ ነገር ግን ጎንበስ ባለ ቁጥር ከቀኝ አፍንጫው ውሃ ይንጠባጠባል። ሰዉ ሁሉ «የመንዝ ብርድ ነው» ይለኛል። ዳማ ከሴ አሸተትኩት፣ ጥጥም ወተፍኩለት፤ አልቆመም።

መልስ፦ እናቴ፣ የመንዝን ብርድ አላቃልልም። ግን ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም አፍንጫ ይይዛል፣ ፈሳሹ ይወፍራል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ጉሮሮ ሲደርስ ጨው ጨው የሚል ከሆነ ግን የአንጎል ፈሳሽ እንዳይሆን እፈራለሁ። በአፍንጫ ጣሪያና በአንጎል መካከል ያለው አጥንት ስስ ነው፤ በአደጋ ይሰነጠቃል። የሚያሳስበኝ የሚወጣው ውሃ አይደለም፤ ሰውነት በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመርታል። የሚያሳስበኝ በዚያው ቀዳዳ የሚገባው ጀርም ነው፤ ማጅራት ገትር ያስከትላል። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ከታየበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ካልታየበትም አይዘግዩ፤ ከሚንጠባጠበው ጥቂት በንጹሕ ብልቃጥ ይዘው ይሂዱ። ቤታ ሁለት ትራንስፈሪን የሚባለው ምርመራ ምንነቱን ይለያል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ ስንጥቁን ያሳያል። እስከዚያው አይናፈጥ። ጥጡም ይቅር፤ ቀዳዳው ያለው እዚያ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነኝ። እኔም ይኸው ሕመም አለብህ ተብዬ ቀዶ ሕክምና ታዝዞልኛል። ጭንቅላቴ ሊከፈት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ፤ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም። በ1920ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ይህ ጥገና የተጀመረው የራስ ቅል በመክፈት ነበር፤ ብዙዎችም የማሽተት ችሎታቸውን ያጡበት ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ፣ ኢንዶስኮፕ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ይገባል። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥዎታል። ሐኪሙ ቀዳዳውን ፈልጎ ዙሪያውን ያጸዳል፤ ከዚያ ከጭን በተወሰደ ሽፋን፣ በስብ ወይም ከአፍንጫው ግድግዳ በተገለበጠ ስስ ሥጋ ይደፍነዋል። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ገደማ በመጀመሪያው ሙከራ ይድናል። አደጋ ሳይደርስብዎት በራሱ የጀመረ ከሆነ ግን የአንጎል ግፊትዎም ይመርመር፤ ግፊቱ ካልታከመ የተደፈነው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ባለቤቴ በዚሁ መንገድ ታክሞ ከወጣ ሳምንቱ ነው፤ ጆንያ ልሸከም እያለ አስቸገረኝ።

መልስ፦ ከልክዪው። ሐኪሙ ሌላ ካላለው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሸክም የለም፣ ማጎንበስ የለም። ሲያስነጥስ አፉን ይክፈት። ሆድ ድርቀትም እንዳያስምጠው ውሃና አትክልት ያብዛ። ያ ጨዋማ ውሃ ዳግም ከመጣ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።