ሻምበልና ቆራሌው

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ከጀርባዬ የሚያንኮራፋው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፕሮዲውሰራችን ነው፣ ውሻዬ ሻምበል።

የትናንቱን ላውራችሁ። ቆራሌው መጣ። የሁለቱን ጠብ ታውቃላችሁ፤ ሻምበል ማዳበሪያ ያንጠለጠለ ሰው በአራት ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቅድም። ሰሞኑን ግን እግሩን ስላመመው እንኳን ሊጮህ ጆሮውንም አላቀናም። ትናንት ማስታገሻው ገባለት መሰለኝ፣ «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ገና ከታች ሲሰማ ብድግ አለ። ብድግ! ያቺ ቁራጭ ጅራቱ ትርገበገባለች። ልስቅ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ሊፈተለክ ሲል «ሻምበል! ቁም!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄበት አላውቅም። ቆመ። ዞሮ አየኝ።

አያችሁ፣ እግሩ ላይ ያለው ዕጢ አጥንቱን ከውስጥ በልቶታል። በሩጫ፣ በአንዲት ዝላይ ቀጭ ሊል ይችላል። ማስታገሻው ሕመሙን እንጂ አጥንቱን አያጠነክርም። ሲያመው ይተኛል፤ ሲሻለው ይሮጣል። ስለዚህ እኔ የምፈራው ሲሻለው ነው። ይሄ ምን ይባላል?

ራጁን አይቼዋለሁ። የፊት ግራ እግሩ፣ ከመዳፉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብል የበላው ጋቢ ነው የሚመስለው። ኦስቲዮሳርኮማ፣ የአጥንት ካንሰር። ሮትዋይለር፣ ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ... ግዙፎቹን ይወዳል። እግሩ ይቆረጥ ነው የሚሉት። ውሻ በሦስት እግር ይኖራል፣ አብዛኞቹ ቶሎ ይለምዱታል። ግን ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው፣ እሱ ደግሞ ሆዳም ነው። ቆረጣው ብቻ ከሆነ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ወር ይኖራል። ካርቦፕላቲን የሚባለው ኬሞ ሲጨመር ወደ 1 ዓመት ይጠጋል። ቆረጣው ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውሾች ላይ ተሰራጭቷል፣ በብዛት ወደ ሳንባ። ራጅ ላይ ባይታይም።

በነገራችን ላይ የሰው አይቡፕሮፌን ለውሻ አይሰጥም፣ እሺ? ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ጎረቤታችን እማማ የራሳቸውን አምጥተው አልቀበልም ስላቸው «ለእኔ ወገብ መቼ ጎዳ» ብለው ተቀይመውኛል። እስካሁን ሰላም አይሉኝም።

ራጁን ይዘን ስንመለስ በጥቁር አንበሳ በኩል ነው ያለፍነው። ከክፍለ ሀገር የመጡ ሰዎች ራጃቸውን አቅፈው ግንቡ ስር ተቀምጠዋል። እኔም ራጅ ይዣለሁ። የውሻ። ከወንበሩ ስር ከተትኩት። «ለውሻ ኬሞ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው? አይደሉም። አንዳንዴ ናቸው። ተዉት።

ትናንት ስጮህበት የሻምበል አያየት ነው ያስቸገረኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። «ምን አጠፋሁ?» የሚል ዓይነት... ወይ እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት፣ እሱ ምናልባት ኮቴ እያዳመጠ ነበር። ጋሼ ዘበኛችን ደግሞ ከበሩ ሆነው «ተወው ልጄ፣ ይሩጥ። ወታደር አይደል?» አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ማታ ግን እንቅልፍ ሲነሳኝ ያደረው የእሳቸው ንግግር ነው።

ሰኞ ለሐኪሙ ደውዬ ቆረጣውን እንነጋገር እላለሁ። ወይ መጀመሪያ የሳንባው ራጅ ይደገም? እስከዚያው ቆራሌው ሲመጣ ወደ ቤት አስገባዋለሁ፣ ሰዓቱን አውቄ... ቆራሌ ደግሞ ሰዓት አለው እንዴ? ወይም ሰውየውን አናግሬው በሌላ መንገድ... አይ፣ እሱም እንጀራው ነው። እንጃ፣ እስቲ...