የአዌቱን ውኃ ተከትሎ መጓዝ፦ ከጅማ ስለሚነሡ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉብኝቶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አስጎብኚዎች፣ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች፣ የሆቴልና የመኪና ባለንብረቶች፣ የቱሪዝም ትምህርት በመከታተል ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከሰርቦ፣ ከአሰንዳቦና ከደነባ ድረስ መጥታችሁ የተገኛችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ማለዳ ከጅማ ተነሥቶ ማታ ጅማ ስለሚመለስ የደርሶ መልስ ጉብኝት ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ጀምራችኋል፤ ሌሎቻችሁም መኪናም ሰውም አዘጋጅታችሁ መነሻ የምትፈልጉ ናችሁ። ከእናንተ መካከል ወዳጆቼ የሆኑ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ለእንግዳ የምናሳየው ምን አለን?» ይሉኛል። ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አሏት፣ ወንጪ በተራራ አናት ላይ ውኃ ይዟል፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ በሐይቃቸው ይታወቃሉ፤ ጅማ ግን በቡናዋና በበርጩማዋ እንጂ በሐይቅ ስሟ አይነሣም። እኔ ደግሞ መልሱ ያለው ዛሬ ጠዋት አብዛኞቻችሁ ከተሻገራችሁት ድልድይ ሥር ነው እላለሁ።

አዌቱ በከተማችን መሐል ያልፋል። ውኃው ከከተማው ሲወጣ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል፤ ግልገል ጊቤ ከጅማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በግድብ ተይዞ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ያ ግድብ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ተርባይኑን ያዞረው ውኃ ደግሞ በፎፋ ተራራ ሥር በተቆፈረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ አልፎ፣ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው በግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋ ዋት ለማመንጨት እንደገና ይሠራል፤ ከዚያም ከዋናው ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ደቡብ ይወርድና በጊቤ ሦስት ለሦስተኛ ጊዜ ተርባይን ያዞራል። በመጨረሻም ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። አንድ እንግዳ በአዌቱ ድልድይ ላይ ቆሞ ይህን ቢሰማ፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የሚያየው ሁሉ እርስ በርሱ ይያያዝለታል። አስጎብኚውም ከቦታ ቦታ እየዘለለ አዲስ ወሬ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ውኃውን ብቻ ይከተላል።

ይህን ያህል የምወተውተው ተቃራኒውን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቦቼን ይዤ በአንድ የደርሶ መልስ ጉብኝት ተሳፍሬ ነበር። በወረቀቱ ላይ ስድስት ቦታ ተጽፏል፤ ስድስቱንም ነካን። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ረዳቱ ያፏጫል፣ ሰው ይሳፈራል። ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት በደጇ ቡና ስታፈላ አየንና ጠጋ አልን፤ አቦሉ ገና ሳይቀዳ ተጠራን። አብራን የነበረች አክስቴ ማታ ቤት ስንገባ ምን እንዳየች የሰፈር ሰው ሲጠይቃት «የአውቶቡሱን መጋረጃ» ብላ መለሰች። አስጎብኚው ሰነፍ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ላቡ እየወረደ ሮጧል። የበደለው ቀኑን ያሰላበት መንገድ ነው።

ስለዚህ አብረን እናስላ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ ብንወስን፣ ያለን ከ11 ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። በገጠር መንገድ ላይ ከብት፣ ጋሪና እግረኛ በሚበዛበት ሰዓት በጨለማ ሰው ጭኖ መመለስ ለእኔ ከቶ የሚታሰብ አይደለም። ከዚህ ጊዜ ላይ ቁርስን፣ ምሳንና የቡናን ሰዓት ስትቀንሱ፣ ሰውን ከአራት ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ጉብኝቱን ወደ ተራ ጉዞ ይለውጠዋል። በዚህ ሚዛን ስንለካ ወንጪን መተው ሊኖርብን ነው፤ ከጅማ ወሊሶ ደርሶ፣ ከዚያ ተራራውን ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ አይቻልም፤ የሚያድር ጉዞ ይሁን። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለው ትልቁ የጊቤ ሸለቆም፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርድበት ያ ግሩም ቦታ፣ ለደርሶ መልስ ይርቃል። ልቤ እየከፋው ነው የምተወው፤ ነገር ግን እንግዳ እየተኛ የሚያልፈው ሸለቆ አልታየም።

በምትኩ ቦዬ ላይ እንቆይ። ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በመንገዱ ዳር የሚገኘው ይህ ጨፌ፣ አብዛኞቻችን በየቀኑ እያለፍነው ቆመን አይተነው የማናውቀው ነው። ጉማሬ አለበት፤ ዘውድ የደፉ የሚመስሉ ባለረጅም እግር ወፎች ይሰማሩበታል፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ይጨመሩበታል። ወፍ የሚታየው በማለዳ ነው፤ ስለዚህ ከከተማ እንደወጣን መጀመሪያ የምንቆመው እዚህ ነው፣ ለአንድ ሰዓት ሙሉ፣ በጸጥታ። ጉማሬ ዝግ ያለ ቢመስልም ሰው ከሚገድሉ የአፍሪካ እንስሳት አንዱ ነውና ማንም ወደ ውኃው ዳር እንዳይወርድ፣ በተለይም በእንስሳውና በውኃው መካከል እንዳይቆም አስጎብኚው ሰው ሳይወርድ በአውቶቡሱ ውስጥ ይናገር።

ጨፌው ግን የወፍ ቤት ብቻ አይደለም። የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ፣ ደለሉን አስቀምጦ፣ ውኃውን በዝግታ የሚለቀው እርሱ ነው። በዓመት በዓል ወለላችን ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ከእንዲህ ያለ ቦታ ይታጨዳል፤ ለጡብ የሚሆን ሸክላ አፈርም ከዚሁ ይቆፈራል፤ በበጋም ከብት ይሰማራበታል። በዚህ ሁሉ ላይ ከከተማችን በአዌቱ የሚወርደው ቆሻሻ ይጨመርበታል። እንግዳ ፊት ይህን መናገር ያሳፍራል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አይመስለኝም። የፕላስቲክ ጠርሙስ በቄጤማው ውስጥ ተጠልፎ እያየ ያለ ሰው ዓይን አለው፤ ዝም ብንለው እኛ ያላየነው ይመስለዋል። በተለይ የጅማ ተማሪዎችን ስንወስድ፣ ጠዋት ድልድዩ ላይ ያዩትን ውኃ እዚህ እንደገና እንዲያዩት እንፈልጋለን።

ከቦዬ በኋላ መንገዱ በሰርቦ አድርጎ ወደ አሰንዳቦ ይወስደናል። በዚህ መሐል የሚተረከው ብዙ ነው፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የሚባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ስማቸውን ያገኙት ከጊቤ ወንዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋርም ከአፄ ምኒልክ ጋር በሰላም ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠብቀው አቆይተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ይቆም የነበረው የሂርማታ ገበያ ነጋዴዎች ቡና፣ ማርና ዝባድ ጭነው ያለፉበት አገር ነው። በጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ግን በዚህ ቀን ውስጥ አትሰንቅሩት፤ ለብቻው ግማሽ ቀን ይገባዋል። በማይክሮፎን የምትናገሩም፣ እባካችሁ ለሩብ ሰዓት ተናግራችሁ ለሩብ ሰዓት ዝም በሉ፤ ሰው በመስኮት የሚያየውን የጤፍና የበቆሎ ማሳ በራሱ ዓይን ይየው።

ሐይቁ የሚገለጠው ከአሰንዳቦ አልፎ ወደ ደነባ ሲኬድ ነው። በመስከረምና በጥቅምት፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ውኃው ሞልቶ በአረንጓዴ ኮረብታዎች መካከል ሲተኛ ያየ ሰው ሰው ሠራሽ መሆኑን ለማመን ይቸገራል፤ በሚያዝያ ደግሞ ውኃው ሸሽቶ የተራቆተ ጭቃ ዳርቻ ይታያል። ሁለቱም እውነተኛ መልኩ ናቸው፤ በማስታወቂያ ወረቀታችን ላይ የጥቅምትን ፎቶ ለጥፈን በሚያዝያ ሰው አንውሰድ። የግድቡን ሥራና የኃይል ማመንጫውን በቅርብ ለማየትም ሆነ ፎቶ ለማንሣት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ በር ላይ ደርሶ መለመን ሠላሳ ሰው የያዘ አውቶቡስን ቀን ያበላሻል።

በዚህ ሐይቅ ዳር ሲቆም ሊነገር የሚገባውን ሳንሸፋፍን እንናገር። ዛሬ ውኃ የተኛበት መሬት ትናንት የሰው ማሳና የከብት ግጦሽ ነበር፤ ገበሬዎች ከዚያ ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፤ ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ወይም ልጆቻቸው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሊኖሩ ይችላሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ በሐይቁ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የበለጠ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ከተራቆቱ ተዳፋቶች በየክረምቱ ታጥቦ የሚወርደው አፈርም የግድቡን ሆድ እየሞላ ነው። ለእኛ ሥራ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነቃው በምሽት ስለሆነ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዳርቻው እንነሣለን፤ የቦታውን ታሪክ ደግሞ ከእኛ ይልቅ የቦታው ሰው ይናገረው። አንድ ከመሬቱ የተነሡ አባት በሩብ ሰዓት የሚነግሩን፣ እኔ እዚህ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ብናገር አልደርስበትም። ለዚያም ተገቢውን ክፍያ እንክፈላቸው፤ ምስጋና ብቻውን የውሎ አበል አይሆንም።

ክፍያን ካነሣሁ፣ ወንጪን ለመንገዱ ርቀት ብንተወውም ከአሠራሩ የምንማረው አለ። በዚያ የአካባቢው ነዋሪዎች ተደራጅተው ፈረሱንም ጀልባውንም በተራ ያቀርባሉ፤ እንግዳው በሰው እየተጎተተ አይጨነቅም፣ ገቢውም አንድ ጎበዝ ጎረምሳ ዘንድ ብቻ አይቀርም። መንደሩ በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። እኛም ለምሳና ለቡና በአሰንዳቦና በደነባ ቤቶችን በተራ እንያዝ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ይሂድ፤ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሰዓቱም በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። በጅማ ምድር በአሥራ አምስት ደቂቃ ቡና የሚጠጣ እንግዳ ቡና ጠጥቷል አልልም።

ሁለተኛው መስመር ወደ ቦንጋ ነው፤ ከጅማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጠባቡም ቢሆን በአንድ ቀን ይቻላል። በበለጠ ደን ጥላ ሥር አልፎ የጎጀብን ሸለቆ ወርዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ወደ ተመዘገበው ወደ ካፋ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ያስገባናል። ጎጀብም ዞሮ ዞሮ ወደ ኦሞ የሚገባ በመሆኑ የሁለቱ ጉዞዎቻችን ውኃ ታች ላይ ይገናኛል። እዚህ ላይ አንድ ምክር ብቻ ልጨምር፤ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በጎማ ጮጬ ነው ወይስ በካፋ ማንኪራ ነው የሚለውን ክርክር በአውቶቡስ ውስጥ አትፍረዱበት። ሁለቱም ወገን የሚተርከውን በክብር ተርኩ፤ በሁለቱም ቦታ የምትበሉት እንጀራ አለ።

አሁን ሰዎች በአደባባይ ለመናገር ወደሚያፍሩበት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ወደማስበው ጉዳይ ልምጣ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ማለቴ ነው። እናቶቻችን ለጉብኝት ሲወጡ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ መጠጣት ይተዋሉ፤ በመንገድ ላይ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ነው። በሙቀት ውስጥ ጥማቸውን ይዘው ውለው፣ ማታ ራሳቸውን አሞአቸው ይገባሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠሩም «እናንተ ሂዱ» ይላሉ። ስለዚህ መስመር ስታወጡ በመጀመሪያ ንጹሕ፣ ውኃ ያለው፣ ከውስጥ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት የት የት እንዳለ በካርታው ላይ አመልክቱ፤ የመቆሚያ ቦታዎቻችሁንም በእርሱ ልክ ምረጡ። ባለቤቱን አነጋግሩ፣ ለጽዳቱ ክፈሉ፣ ማለዳም አውቶቡሱ ሳይነሣ ለሁሉም በግልጽ ንገሩ። የሶላትን ሰዓትና ለእርሱ የሚሆን ቦታንም እንደዚሁ አስቀድማችሁ አስቡ።

አሽከርካሪዎቻችንን በተመለከተ፣ ጉብኝት መንዳት መስመር ከመንዳት ይለያል። በክረምት ማለዳ በዚህ አገር ጉም ሲወርድ አሥር ሜትር አይታይም፤ በዚያን ጊዜ ዘግይቶ መነሣትን የሚወስነው አሽከርካሪው ይሁን፣ አስጎብኚውም ሆነ ባለንብረቱ አይከራከረው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ከአስፋልት የሚያስወጣውን መንገድ ሁሉ ከፕሮግራማችን እናውጣ።

በሚመጣው ቅዳሜ ይህንኑ የውኃውን መስመር አብረን እንሞክረዋለን። የምንሄደው እናንተ በዚህ ያላችሁት ብቻ ስትሆኑ፣ የሚከፍል እንግዳ አይኖርም፤ እያንዳንዳችሁ ሰዓት ይዛችሁ የቱ መቆሚያ እንደጠበበና የቱ እንደረዘመ ትጽፋላችሁ፣ ስንመለስም በጽሑፋችሁ ላይ እንነጋገራለን። አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአዌቱ ድልድይ አጠገብ ይቆያል። ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ፣ የመጠጫ ውኃችሁንም በሚመለስ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። አክስቴም በግራ በኩል የመስኮት ወንበር ይዛለች፤ መጋረጃውን እኔው ራሴ አንሥቼላታለሁ።

አመሰግናለሁ።