ያማሩ ሥዕሎች፣ የታጠረ ሰፈር፦ ስለ ዮሺዋራ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በድሮ የጃፓን ሥዕሎች ላይ ፀጉራቸውን በብዙ መርፌ የሰካኩ፣ በሐር ያሸበረቁ ሴቶች አያለሁ። የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፣ እህቴ። ብዙዎቹ የዮሺዋራ ሴተኛ አዳሪዎች ናቸው። ዮሺዋራ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ መንግሥት ፈቅዶ ያቋቋመው ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1657 ከተማዋን ቃጠሎ ከበላት በኋላ ከአሳኩሳ አለፍ ብሎ ወደ ሩዝ ማሳዎች መሃል ተዛወረ። ዙሪያው የውኃ ቦይ፣ ዋና በሩ አንድ ብቻ። ሴቶቹ እንዳያመልጡ ነው። አብዛኞቹን ድሃ ቤተሰብ በልጅነታቸው በገንዘብ አሳልፎ የሰጣቸው ናቸው። ያ ገንዘብ ዕዳ ሆኖባቸው፣ ብዙዎቹ ሳይጨርሱት አይወጡም ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሥዕሎቹ ለምን እንዲህ ያምራሉ?

መልስ፦ ማስታወቂያም ስለነበሩ ነዋ! ታዋቂው አሳታሚ ጹታያ ጁዛቡሮ እዚያው ዮሺዋራ ነው የተወለደው። የሰፈሩን መመሪያ መጽሐፍም ያትም ነበር። ሠዓሊውን ኡታማሮን አጉልቶ ያወጣውም እሱ ነው። ግን ኡታማሮን ማስታወቂያ ሠሪ ብቻ ማለት ይከብደኛል። የዮሺዋራን ሙሉ ቀን በ12 ሥዕሎች አሳይቷል። በአንዱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰዓቱ ተጽፎበታል፣ አንዲት ሴት እንቅልፍ እያዳፋት ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። ደንበኛ የሚያየው መልክ አይደለም። ድካሟ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለሙ በብሩሽ ነው የተቀባው?

መልስ፦ ይታተማል። ሠዓሊው ይነድፋል፣ ቀራጩ በቼሪ ጣውላ ላይ ይፈለፍላል፣ አታሚው ጣውላውን ቀለም ቀብቶ ወረቀቱን ያሳርፍበታል። ለየቀለሙ የራሱ ጣውላ አለው።

ጥያቄ፦ የእነዚህን ሴቶች እስር በግልጽ ያሳየ ሠዓሊ የለም?

መልስ፦ የታዋቂው ሠዓሊ የሆኩሳይ ልጅ ኦይ አለች። እሷ የሣለችው በብሩሽ ነው። ሌሊት ነው፤ ሴቶቹ ከቤቱ የእንጨት ፍርግርግ ኋላ በደማቅ ብርሃን ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ጨለማው ውስጥ ቆመው ያያሉ። የፍርግርጉ እንጨት የሴቶቹን ፊት ይሸፍናል። ለእኔ ከቆነጃጅቱ ሥዕሎች ሁሉ እውነቱን የነገረኝ ይሄ ነው። ፊርማ የለውም፤ የስሟን ፊደላት ግን ፋኖሶቹ ላይ ጽፋዋለች። ሥዕሉ የሚገኘው ቶኪዮ በኦታ ሙዚየም ነው። ሰፈሩ ራሱ እንደ ሕጋዊ ሰፈር የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።