የበረዶው ጎተራና የደሴቱ ጉድጓድ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ እኩል ውኃ]

አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ጣሉ፤ ይንሳፈፍ። በሁለተኛው አፍ ላይ ወንፊት ደፍታችሁ በረዶውን እላዩ አስቀምጡ። የሁለቱንም ውኃ ከፍታ በብዕር ምልክት አድርጉና በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቁ።

[ምስል፦ ከሰዓታት በኋላ፣ ብርጭቆዎቹ በቅርበት]

የተንሳፈፈው ቀልጦ አለቀ፤ ውኃው ግን ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ወንፊቱ ላይ የነበረው ምልክቱን አልፎ ወጥቷል። የተራራ በረዶ ማለት ይኼ የወንፊቱ ነው።

ከ1901 እስከ 2018 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ባሕር ከፍታ በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል። ከ1971 ወዲህ ከታየው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ውኃው ሲሞቅ ስለተለጠጠ ነው። አንድ አምስተኛ ገደማው ደግሞ ከግሪንላንድና ከአንታርክቲካ ውጭ ካሉ የበረዶ ግግሮች የመጣ ነው። የሂማላያና የአንዲስ በረዶ የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት አገሮች የሆኑት ቱቫሉና ኪሪባቲ ደጃፍ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ደሴቶች ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መስጠምን ነው። ተራራውም ሆነ ደሴቱ ግን አስቀድሞ የሚቸገረው በሚጠጣ ውኃ ነው።

[ምስል፦ የበረዶ ግግር፣ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ግራጫ]

የበረዶ ግግር ጎተራ ነው። በቅዝቃዜው ወቅት ያከማቻል፣ ዝናብ በጠፋበት ወቅት ይሰፍራል። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳል። እሱ ቀልጦ የቆየው ግራጫ በረዶ ሲገለጥ ግን የሚመለሰው ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይገባል፤ መቅለጡ መቅለጥን ይጠራል።

አታላዩ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ወንዙ መጀመሪያ ይሞላል፣ ለዓመታትም እንደሞላ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይወርዳል። በሞቃታማው አንዲስና በአልፕስ አብዛኞቹ ግግሮች ይህን ጣሪያ አልፈዋል። በሞላባቸው ዓመታት በተለካ ፍሰት ግድብና መስኖ ማቀድ ከጎተራ የተዛቀን እህል የዓመት ምርት ነው ብሎ እንደ መቁጠር ነው።

ግግሩ ወደኋላ ሲሸሽ ሐይቅ ትቶ ይሄዳል። ሐይቁን የሚይዘው በረዶው ሲገፋ ያመጣው የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። ሲሚንቶ የለው፣ መሠረት የለው፤ አንዳንዴም ሆዱ ውስጥ የቀረው በረዶ እየቀለጠ ያሰምጠዋል። ኔፓል ውስጥ ኦገስት 4 ቀን 1985 ዲግ ጾ በተባለው ሐይቅ ላይ በረዶ ተናደ። ማዕበሉ ክምሩን አልፎ ፈሰሰ፤ የፈሰሰው ውኃም ክምሩን ሸረሸረው። ጎርፉ ግንባታው ሊያልቅ የተቃረበ የኃይል ማመንጫ ጠራርጎ ወሰደ።

መፍትሔው ሐይቁን ማጉደል ነው። በ2016 እዚያው ኔፓል 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የኢምጃ ሐይቅ በር ባለው ቦይ ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ተደርጓል። ሥራው ቀስ ማለትን ይጠይቃል፤ ቦዩ በአንዴ ብዙ ከለቀቀ አፉን ራሱ እየቦረቦረ የተፈራውን ጎርፍ ያመጣል።

[ምስል፦ የኮራል ደሴት ለሁለት ተከፍሎ፣ የታችኛው ውኃ በቀለም]

ወደ ደሴቱ እንውረድ። ከትናንሽ የባሕር እንስሳት ቅሪት የተሠራው የኮራል ደሴት ወንዝ የለውም። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ፣ ከሥር ባለው ጨዋማ ውኃ ላይ እንደ ሌንስ፣ መሐሉ ወፍሮ ዳሩ ሳስቶ፣ ይንሳፈፋል። የአንድ ሊትር ባሕር ውኃ ክብደት 1.025 ኪሎ ግራም፣ የንጹሕ ውኃ 1 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ልዩነት ተነስቶ ሲሰላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ላለ 1 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ውኃ ከታች 40 ሴንቲ ሜትር ይኖራል። 30 ሴንቲ ሜትር ካለ 12 ሜትር ማለት ነው። ጨውና ንጹሑ ድንበራቸው ላይ ስለሚደባለቁ በተግባር ከዚህ ያንሳል።

ባሕሩ ከፍ ሲል ሌንሱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ዳርቻው ተሸርሽሮ ደሴቱ ሲጠብ፣ ወይም ማዕበል ከላይ ሲያጥለቀልቅ ነው። በ100 ሊትር ውስጥ 2 ሊትር የባሕር ውኃ ከገባ ምላስ ጨውን ይለያል። ከማዕበል በኋላ ጉድጓዱን በኃይለኛ ፓምፕ መሳብ ስህተት ነው፤ ከታች ያለውን ጨው እንደ ጉብታ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ረጋ ብሎ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚቀዳው። በኪሪባቲዋ የታራዋ ደሴት ላይ ቦንሪኪ በተባለው ቦታ ውኃው የሚሰበሰበው ጥልቀት በሌላቸው አግድም ቧንቧዎች የሆነውም ለዚሁ ነው።

የአየር ላይ ፎቶግራፎች ሲነጻጸሩ የቱቫሉ የመሬት ስፋት ከ1971 እስከ 2014 በ2.9 በመቶ አድጎ ተገኝቷል። ማዕበል ከአንዱ ዳር ነቅሎ ሌላው ዳር ይከምራል። ግን ስፋቱ ጨመረ ማለት ጉድጓዱ ይጠጣል ማለት አይደለም፤ ያው ቱቫሉ በ2011 በድርቅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች።

[ምስል፦ የጣሪያ አሸንዳና ታንክ]

የቀረው የጣሪያ ውኃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ነው፤ በአሸንዳው የሚባክነው ሲቀነስ 80 ያዙ። ስድስት ሰዎች በቀን 20፣ 20 ሊትር ቢጠቀሙ ለ90 ቀን ድርቅ 10,800 ሊትር ይፈልጋሉ። 5,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ሞልቶ ቢጀምር እንኳ በ42ኛው ቀን ባዶ ነው። ደለል እንዳይገባ ቧንቧው ከታንኩ ወለል ከፍ ተደርጎ ስለሚተከል፣ ከዚያም ቀድሞ መንጠባጠብ ይጀምራል።