ዜማው በአውራ ጣት፣ ቤዙ በሌባ ጣት፦ የኤልዛቤት ኮተን ጊታር

ሀና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬዋ እንግዳችን በሕይወት የሉም፤ ኤልዛቤት ኮተን ናቸው። በ1893 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ዛሬ ካርቦሮ በሚባለው የቻፕል ሂል ጎረቤት ከተማ ተወለዱ፣ በ1987 አረፉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ብሉዝም ፎክም ሲነሳ ስማቸው አይቀርም። ቢኒያም ግን ከታሪካቸው በፊት ከእጃቸው እንጀምር ብሏል።

ቢኒያም፦ አዎ፣ ታሪኩንማ ብዙ ሰው ይነግርሻል። የቤት ሠራተኛ ነበሩ፣ በስተርጅና ታወቁ፣ ግራሚ ወሰዱ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ታሪኩን ሳያውቅ ሪከርዱን የሰማ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ጊታር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚለው?" ብሎ ነው።

ሀና፦ ግራኝ ናቸው።

ቢኒያም፦ ግራኝ ናቸው፣ ጊታሩ ደግሞ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ክሩን አልቀየሩም፤ ጊታሩን እንዳለ ገልብጠው ያዙት። ስለዚህ እኛ ስንይዘው ከላይ፣ ወደ አገጫችን በኩል የሚሆነው ወፍራሙ ክር እሳቸው ጋ ከታች ነው። ቀጭኑ ከላይ ይመጣል። እንግዲህ አውራ ጣት የሚቀርበው ከላይ ላለው ክር ነው። አውራ ጣታቸው ዜማውን ያዘ፣ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ለሌባ ጣት ቀረ።

ሀና፦ ከሌላው ሰው ፍጹም ተቃራኒ ማለት ነው። በጣት የሚጫወት ሌላ ጊታሪስት ቤዙን በአውራ ጣት ይመታል፤ ዜማውን በሌባና በመሀል ጣት ይለቅማል።

ቢኒያም፦ አውራ ጣት ደግሞ ከባድ ነው። ያለ ሐሳብ ከተውሽው ቤዙን ከበሮ ያደርገዋል። እሳቸው ጋ ያ ክብደት ዜማው ላይ ነው ያረፈው። ቀጫጭኖቹ ክሮች ሞላ ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ቤዙ ከሥር ቀለል ብሎ ይሄዳል። ጊታሪስቶች ኮተን ፒኪንግ የሚሉት ይሄን ነው። ቀኛማ የሆነ ሰው ኖታውን አንድም ሳይሳሳት ተጫውቶት "ለምን የእሳቸውን አይመስልም?" የሚለው እዚህ ጋ ነው። ኖታው ልክ ነው፣ ሚዛኑ ግን ተገልብጧል።

ሀና፦ ታዲያ ቀኛማ ምን ያድርግ? ጊታሩን ይገልብጥ?

ቢኒያም፦ አያስፈልግም። አውራ ጣቱን ያስታግሥ። የቀኝ መዳፍሽን ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን፣ ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት ላይ፣ ወፍራሞቹ ክሮች ከሳድሉ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ቀጭን ዘንግ) የሚነሱበት ቦታ ላይ አሳርፊው። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ፊት ይለፍ። ከዚያ በላይ ከሄደ ክሩ ይታፈናል፣ የጣውላ ድምፅ ነው የምትሰሚው። ዜማውን ደግሞ በጥፍር ጫፍ ሳይሆን በጣትሽ ሥጋ ጠበቅ አድርገሽ ጎትቺው።

ሀና፦ ዘፈኑን እንያዝና በእሱ እንሂድ። ታዋቂው "ፍሬይት ትሬይን" ነው፣ ስለ ጭነት ባቡር። ገና በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው ነው የደረሱት። ቤታቸው ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነበር።

ቢኒያም፦ በሲ ነው የሚሄደው፤ የምጠራቸው ፊደላት የኮርድ ስም ናቸው። አራት ስንኝ አለ፣ እያንዳንዱ አራት ባር ነው፤ ባር ማለት አራት ምት ያለው ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሁለት ባር ሲ፣ ሁለት ባር ጂ። ሁለተኛው ሁለት ጂ፣ ሁለት ሲ። ሦስተኛው ሁለት ኢ፣ ሁለት ኤፍ። የመጨረሻው አንድ ሲ፣ አንድ ጂ፣ ከዚያ ሲ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተጠንቀቁ፤ ኢ ሜጀር ነው። ጀማሪ እጁ ስለለመደ ኢ ማይነር ይይዛል። ሜጀሩ ውስጥ ያለው ጂ ሻርፕ ነው ወደ ኤፍ የሚስበው፤ እሱ ከጠፋ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ይተኛል።

ሀና፦ ቤዙስ?

ቢኒያም፦ ክሮቹን ከቀጭኑ ጀምረሽ ቁጠሪ፤ ፍሬት አንገቱ ላይ ያለው የብረት ክፍልፋይ ነው። ሲ ላይ አምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት፣ ቀጥሎ አራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ እየተፈራረቁ። አንደኛውና ሦስተኛው ምት ላይ አምስተኛው ክር፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ አራተኛው ክር። ጂ ላይ ስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬትና ክፍቱ አራተኛ ክር። ኢ ላይ ክፍቱ ስድስተኛና አራተኛው ሁለተኛ ፍሬት። ኤፍን በአራቱ ቀጫጭን ክሮች ብቻ ከያዝሽው፣ ቤዙ አራተኛውና ሦስተኛው ክር ላይ ይሆናል።

ሀና፦ የሚያስቸግረው ቤዙ ብቻውን አይደለም፤ ዜማው ሲገባ ነው። ዜማው ከቤዙ ጋር እኩል ሲመታ ማንም አይቸገርም፣ ሁለቱን ክር አንድ ላይ መቆንጠጥ ነው። ዜማው በሁለት ቤዞች መሀል ሲወድቅ ግን አውራ ጣት ይቆምና ይጠብቀዋል። በቃ፣ ባቡሩ ቆመ።

ቢኒያም፦ ልክ ነሽ። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው። ምት ቆጣሪውን፣ ሜትሮኖሙን፣ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገሽ፣ አውራ ጣት ብቻውን አራቱንም ስንኝ ይዙር። ከሰው ጋር እያወራሽ ሳይሰናከል የሚሄድ እስኪሆን ድረስ ዜማ አትጨምሪ። ከዚያ የሚቆነጠጡትን ኖታዎች ብቻ። ከዚያ በመሀል የሚወድቁትን አንድ በአንድ፣ በአንድ ዙር አንድ ብቻ።

ሀና፦ ወደ ግልበጣው ልመልስህ። እሳቸው ለምንድነው ክሩን ቀይረው ያልተጫወቱት?

ቢኒያም፦ መጀመሪያ የነኩት የወንድማቸውን ባንጆ ነው፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ጠብቀው። በተበደሩት ዕቃ ላይ ክር አትቀይሪም። በኋላ ትምህርት አቋርጠው ሰው ቤት ተቀጠሩ፣ በወር 1 ዶላር። እናታቸው ያችን እያጠራቀሙ ሲርስ ሮበክ ከሚባለው መደብር በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ጊታር ገዙላቸው። የአራት ወር ደሞዝ በለው። እጃቸው ግን ያኔ ለምዶ ነበር።

ሀና፦ እንዲያውም ክሩን አለመቀየራቸው ጊታሩን ከጉዳት ጠብቆላቸዋል እላለሁ። ዛሬ የቀኝ ጊታር ገዝቶ ክሩን ገልብጦ የሚያስር ግራኝ ሦስት ነገር ይበላሽበታል። የመጀመሪያው ናት የሚባለው፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በቦይ የሚያልፉበት ቁራጭ ነው። በብዛት የምንጠቀመው የብረት ክር ውፍረቱ ከ012 እስከ 053 ነው፣ በኢንች ሺኛ ሲለካ፤ ወፍራሙ የቀጭኑን ከአራት እጥፍ በላይ ነው። 053ቱ ለ012 በተቆረጠው ቦይ ውስጥ አይገባም፣ ከላይ ይንሳፈፋል። 012ቱ ደግሞ በሰፊው ቦይ ውስጥ ይዋልላል፣ ይንጫጫል።

ቢኒያም፦ ሳድሉም አለ።

ሀና፦ ሁለተኛው እሱ ነው። ሳድሉ ሰያፍ ነው፣ ወፍራሙ ክር ትንሽ እንዲረዝም ተብሎ። ሲገለበጥ ወፍራሙ ያጥራል፤ ፍሬት በያዝክ ቁጥር ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል። ቀጭኑ ደግሞ ረዝሞ ይወርዳል። ማረጋገጥ የፈለገ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን፣ ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ የሚወጣውን ድምፅ፣ ያሰማና ያንኑ ፍሬት ተጭኖ ያወዳድር። ሦስተኛው ከውስጥ ያለው የእንጨት ድጋፍ ነው፣ የቤዙና የቀጭኑ ጎን አንድ ዓይነት አይደለም። ይሄኛው እንኳ ከሁለቱ ይቀላል። የኮተን መንገድ ግን ክሩን ከቦይው አያወጣም። ያለ ምንም ወጪ ይሠራል።

ቢኒያም፦ ወጪው ሌላ ቦታ ነው። የኮርድ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሁሉ አይጠቅምሽም፣ አስተማሪ ፊት ተቀምጠሽ መቅዳትም አትችይም። ቅርጹን ሁሉ ራስሽ ታወጪዋለሽ። እሳቸውም ያደረጉት ይሄንኑ ነው።

ሀና፦ እሺ፣ አሁን ወደ ሥራቸው እንምጣ። በ17 ዓመታቸው አካባቢ አገቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ዓለማዊ ዘፈን ተዪ አላቸው። ተዉት። ይሄን ለእኛ አድማጭ ማብራራት አያስፈልግም መቼም። ለአስርት ዓመታት ጊታር አልያዙም።

ቢኒያም፦ ከዚያ ዋሽንግተን ዲሲ ገቡ። ላንስበርግ የሚባል ትልቅ መደብር ውስጥ አሻንጉሊት ክፍል ሲሠሩ አንዲት ሕፃን ጠፍታ አገኟትና ለእናቷ መለሱ። ሕፃኗ ፔጊ ሲገር ናት። እናቷ ሩት ክሮፎርድ ሲገር የሙዚቃ ደራሲ፣ አባቷ ቻርልስ ሲገር የሙዚቃ ተመራማሪ፣ ግማሽ ወንድሟ ፒት ሲገር። እዚያ ቤት ተቀጠሩ።

ሀና፦ ወይ ጉድ! በአሜሪካ ካሉት ቤቶች ሁሉ እዚያ ቤት!

ቢኒያም፦ ግድግዳው ላይ ጊታር የተሰቀለበት ቤት። አንድ ቀን ሥራ ፈታ ሲሉ አውርደው ሲጫወቱ ልጆቹ ሰሙ። የፔጊ ወንድም ማይክ ሲገር በ1950ዎቹ መጨረሻ የቴፕ መቅረጫ ይዞ ቤታቸው እየሄደ ቀዳቸው። ያ በ1958 ፎክዌይስ በሚባለው የሪከርድ አሳታሚ ሪከርድ ሆኖ ወጣ። 65 ዓመታቸው ነበር።

ሀና፦ እዚህ ጋ የዓመቱ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ፔጊ ከዚያ በፊት ወደ እንግሊዝ ሄዳ "ፍሬይት ትሬይን"ን እዚያ ትጫወተው ነበር። እንግሊዝ ያኔ የስኪፍል ዘመን ላይ ናት፣ በርካሽ ጊታር የአሜሪካ ፎክ የሚዘፈንበት። የሰሙት ሰዎች የራሳቸው ድርሰት አድርገው አስመዘገቡት። በ1957 ቻስ ማክዴቪት ከነቡድኑ፣ ናንሲ ዊስኪ እየዘፈነች፣ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 5ኛ ደረጃ አደረሱት። የደራሲዋ የራሳቸው ሪከርድ ገና አልወጣም።

ቢኒያም፦ ቀዳዳው እሱ ነው። በወረቀት አልተመዘገበም፣ በሪከርድ አልወጣም። ፎክ ዘፈን ሲሰማ ደግሞ ሰው ሁሉ "ባለቤት የለውም፣ የሕዝብ ነው" ብሎ ይነሳል። ሲገሮች ከጎናቸው ቆመው ተሟግተው መብቱ ለእሳቸው ተመለሰ። ዛሬም ግን የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ቅጂ ታገኛላችሁ።

ሀና፦ መድረክ የወጡት በ1960 ነው፣ ስዋርዝሞር ኮሌጅ፣ ከማይክ ሲገር ጋር። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ የወጣት ነው። በ1984 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠው ናሽናል ሄሪቴጅ ፌሎሺፕ፣ በ1985 በ92 ዓመታቸው ግራሚ፣ በመድረክ በተቀዳው ሪከርዳቸው። በ2022 ደግሞ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ አስገባቸው። በጊታራቸው ባገኙት ገንዘብ ሲራኪውስ ቤት ገዝተው ነው የኖሩት።

ቢኒያም፦ ለእኔ ከሽልማቱ በላይ በ1967 የወጣው "ሼክ ሹገሪ" ነው። ስንኞቹን ከልጅ ልጃቸው ልጆች ጋር ነው የገጣጠሙት። ሪከርዱ ላይ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ትዘፍናለች፣ እሳቸው ጊታር ይመታሉ። ነገሩ ያለው የሌለው ዕቃ ሁሉ መያዣ ቤት መግባቱ ነው፤ ድህነት ነው። ዜማው ግን አያለቅስም። በዚያ በቀላሉ በሚሄደው ቤዝ ላይ ልጅ ስትዘፍነው የባሰ ይገባሻል።

ሀና፦ "ኦ ቤብ ኢት ኤንት ኖ ላይ"ም አለ። ጎረቤት ሴትዮ ውሸት ነግራ እናታቸው ስለቀጧቸው በልጅነት የጻፉት ነው። በኋላ የሮክ ባንዱ ግሬትፉል ዴድ ሳይቀሩ ተጫውተውታል። ከመሰናበታችን በፊት ግን "ቫስታፖል" የሚለውን ጊታር ቁራጫቸውን ንገረን። ደብዳቤ የሚጽፍልን ሁሉ በተለመደው ቅኝት ሞክሮት ነው አልወጣ የሚለው።

ቢኒያም፦ አይወጣም፤ ኦፕን ዲ ነው፣ ክሮቹ ሳይያዙ ሲመቱ የዲ ኮርድ የሚሰጡበት ቅኝት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳሎን ውስጥ ይመታ ከነበረው የጊታር ቁራጭ የመጣ ነው፣ ብዙ የብሉዝ ተጫዋቾችም ቅኝቱን በዚህ ስም ነው የሚጠሩት። አራት ክር ዝቅ ይላል። ስድስተኛው ከኢ ወደ ዲ፣ ሦስተኛው ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ፣ ሁለተኛው ከቢ ወደ ኤ፣ አንደኛው ከኢ ወደ ዲ። አምስተኛውና አራተኛው አይነኩም። ሦስተኛው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ሌሎቹ አንድ ሙሉ ድምፅ። ብዙ ሰው ሦስተኛውን እንደ ሌሎቹ ወደ ኤፍ ያወርደውና ማይነር ሆኖ ይመጣበታል።

ሀና፦ ሲወርድ ደግሞ አይጸናም።

ቢኒያም፦ ከታለመው ኖታ አሳልፈሽ ዝቅ አድርጊና ወደ ላይ እያጠበቅሽ ድረሺበት፤ ያለበለዚያ መቃኛው ላይ የቀረው ላላ ያለ ክር ትንሽ ቆይቶ ይወርድብሻል። አራቱ ክሮች ሲላሉ ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ያልተነኩት ኤና ዲ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ አራቱን ጨርሰሽ ተመለሺና ስድስቱንም እንደ አዲስ ቃኚ።

ሀና፦ ሁለት ዙር።

ቢኒያም፦ ቢያንስ። ክሩ አዲስ ከሆነ ሦስት።