ሚዱን አትቁረጡት፦ የጊታር አምፕ ቶን አስተካከል

[ምስል፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ መናፈሻ፣ አመሻሽ። የጊታር አምፕ መሬት ላይ ተቀምጧል።]

ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትጫወቱ፣ በአምፑ (በጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ማዞሪያዎች ላይ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) 8፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ) 8፣ ሚዱ (መሐለኛው) 2 ላይ ሲሆን ድምፁ ያምራል፤ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ጥርት ያለ። ማታ መድረክ ላይ፣ በዚያው አምፕ፣ በዚያው ቁጥር፣ ድራሙና ቤዝ ጊታሩ ሲገቡ ጊታራችሁ ይጠፋል። ቮሊዩም ትጨምራላችሁ፤ ድምፃዊው ዞር ብሎ ያያችኋል፤ ጊታሩ ግን አሁንም የለም። የጠፋው ሚዱ ስለተቆረጠ ነው።

[ምስል፦ የጊታሩ ወፍራም ክር ሲመታ፣ ቀጥሎ የቤዝ ጊታሩ።]

የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ 82 ሄርዝ ማለት ነው። የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር 41 ነው፤ በእጥፍ አብሮት የሚወጣው ድምፅ ደግሞ ልክ 82 ላይ ያርፋል። ስለዚህ ታችኛው ቦታ ተይዟል፤ ቤዝ ጊታሩና የድራሙ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) አይለቁላችሁም። ከላይ ሲምባሉ አለ። ለጊታር የሚተርፈው መሐሉ ነው፣ ከ400 እስከ 2,000 ሄርዝ አካባቢ። ያንንም ሰፈር ከድምፃዊው ጋር ነው የሚጋራው፤ ሚዱን 10 ላይ ሰቅሎ መተውም ሁልጊዜ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ሦስቱ ማዞሪያዎች በቅርብ።]

ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ትሬብል፣ ሚድና ቤዝን ሦስቱንም ወደ 0 አውርዱና ኮርድ ምቱ። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ወይም በጣም ከሳሳ፣ ማዞሪያዎቹ መቀነስ ብቻ ነው የሚያውቁት። ብዙዎቹ የፌንደር ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠሩ) አምፖች እንዲህ ናቸው። የማርሻል የመጀመሪያው አምፕ፣ ጄቲኤም45፣ የፌንደር ባስማንን ሰርኪዩት ተከትሎ ስለተሠራ የአጎት ልጅ ነው፤ ጠባዩም ይቀራረባል። በእነዚህ አምፖች 10 ማለት «ጨመርኩ» ሳይሆን «ምንም አልቀነስኩም» ማለት ነው። ሦስቱንም 5 ላይ ማድረግ ድምፁን እኩል አያደርገውም፤ በፌንደር ሰርኪዩቱ ራሱ ከ400 እስከ 500 ሄርዝ አካባቢ ጎድጎድ ይላል። ወደ እኩልነት የሚጠጋው ሚዱ 10፣ ቤዙና ትሬብሉ 2 ገደማ ሲሆኑ ነው። ለዓይን ግራ ያጋባል፤ ለጆሮ ግን ልክ ነው።

ብዙ ትራንዚስተር አምፖች ሌላ ናቸው። ማዞሪያው ቀጥ ብሎ ሲቆም ምንም አይነካም፤ ወደ ቀኝ ይጨምራል፣ ወደ ግራ ይቀንሳል። ስለዚህ የሌላ ሰው አምፕ ላይ ያያችሁትን ቁጥር ወደ ራሳችሁ መገልበጥ ትርፉ ድካም ነው።

ሚድ የሚባል ማዞሪያ የሌለው አምፕም አለ። እዚያ ሚድ ለመጨመር ቤዙንም ትሬብሉንም ቀንሳችሁ ቮሊዩሙን ከፍ ማድረግ ነው።

[ምስል፦ ጊታሩ ላይ ያለው የፒክአፕ መቀየሪያ።]

ወደ ሥራው እንግባ። የጊታሩን ቮሊዩም 8፣ ቶኑን 10 ላይ አድርጉ፤ ከ8 በላይ ያለችው ለሶሎ ትቀመጥ። ከዚያ ቶን ከመንካታችሁ በፊት አምፑን ማታ በምትጫወቱበት ልክ አጩኹት። ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ቤዝና ትሬብል በደንብ አይሰማም፤ ቤት ውስጥ የጎደለ መስሎን የምንጨምረው እሱን ነው። መድረክ ላይ ሲጮኽ ያ የጨመርነው ሁሉ ገንፍሎ ይወጣል።

ጌይኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ) ከ3 ጀምሩ። በቀስታ ስትመቱ ጥርት ብሎ፣ በኃይል ስትመቱ ትንሽ ሻከር ካለ ይበቃል። ቺክቺካ የምትመቱ ከሆነ ደግሞ ከዚያም አሳንሱት። ምቱ የሚለየው በአመታቱ ጥራት ነው፤ ጌይን ሲበዛ ምትና ምት መሐል ያለው ክፍተት ይሞላና ሁሉም አንድ ጉርምርምታ ይሆናል።

አሁን ሚድ 6፣ ትሬብል 5፣ ቤዝ 4። መነሻ ብቻ ነው። ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ክፍል) ወደ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ገላው ላይ ወደሚያርፉበት ጫፍ፣ ቀይሩና በቀጭኖቹ ክሮች ተጫወቱ፤ ጆሮ መውጋቱን እስኪተው ድረስ ትሬብሉን አውርዱ። ቀጥሎ ወደ አንገቱ ፒክአፕ ቀይሩና ወፍራሙን ክር ምቱ፤ ጉም ጉም ማለቱን እስኪያቆም ቤዙን አውርዱ። ትሬብሉን በጣም ብሩህ በሆነው ፒክአፕ፣ ቤዙን በጣም ወፍራም በሆነው መወሰን ማለት ነው። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ፒክአፕ በቀየራችሁ ቁጥር ወደ አምፑ ትሮጣላችሁ።

ሚዱን ለብቻችሁ አትጨርሱት። ባንዱ ሲጫወት በግማሽ በግማሽ ቁጥር ከፍ አድርጉት፤ ጊታሩ ከድራሙ ፊት ሲወጣ አቁሙ። ድምፁ በአፍንጫ እንደሚናገር ሰው ከሆነ አልፋችኋል፤ አንድ ቁጥር ተመለሱ።

[ምስል፦ አምፑ መሬት ላይ፤ ከዚያ የቢራ ሳጥን ላይ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ።]

የስፒከር ከፍተኛ ድምፆች እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። አምፑ መሬት ላይ ከሆነ ትሬብሉ እግራችሁን አልፎ የፊተኛውን ጠረጴዛ ይመታል። እናንተ «ታፍኗል» ብላችሁ ትጨምራላችሁ፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ጆሮውን ይይዛል። ቢራ ሳጥን ላይ አውጡትና ወደ ጭንቅላታችሁ አዘንብሉት። ወይም ጓደኛችሁ ሲመታላችሁ ወርዳችሁ ከጠረጴዛው ስሙ።

ሐይቁ ዳር ክፍት መድረክ ላይ ቤዝ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ሳጥኑን ትታችሁ አምፑን መሬት ማስቀመጥ፣ ከኋላ ግድግዳ ቢገኝም ወደ እሱ ማስጠጋት፣ የቤዙን ማዞሪያ ከመጨመር ይሻላል፤ ታዲያ ወደ ኋላ ማዘንበሉን አትርሱ። ሲሚንቶ ወለልና ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው ተመልሶ ይጋጫል። እዚያ ትሬብሉን አንድ ቁጥር አውርዱ፣ ሪቨርቡን (የማስተጋቢያውን ማዞሪያ) ዝጉት። አዳራሹ የራሱ ማስተጋባት አለው።

ሁለት ማዞሪያዎች ሰው ያሳስታሉ። «ፕረዘንስ» የላይኛውን ድምፅ ጠርዝ የሚያጎላው በአምፑ መጨረሻ ክፍል ስለሆነ መጨረሻ ይነካ። በቮክስ ኤሲ30 ላይ ያለው «ከት» ደግሞ ወደ ላይ ሲዞር ትሬብል ይቀንሳል፤ ድምፁን የሚያደምቅ መስሏቸው እስከ ጥግ የሚያዞሩት ብዙ ናቸው።

ቶን የማይፈታው ነገርም አለ። እምምም የሚል ድምፅ ካለ ጊታሩን ይዛችሁ ዙሩ። ስትዞሩ ከተለዋወጠ በፒክአፑ የገባ የመብራት ድምፅ ነው፤ ከትራንስፎርመርና ከመብራት ገመድ ራቁ። ካልተለዋወጠ ኬብሉንና ግራውንዱን (ወደ መሬት የሚሄደውን የደኅንነት መስመር) መርምሩ። የሶኬቱን ግራውንድ ቆርጦ ዝም ማሰኘት ግን ሰው ይገድላል። ከአሜሪካ የመጣ፣ 120 ቮልት ብቻ የሚል አምፕ ደግሞ እኛ ጋ ባለው 220 ያለ ማውረጃ ትራንስፎርመር አይሰካ።

[ምስል፦ ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር።]

ክራርስ? ፒየዞ ፒክአፕ (ገላው ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረቱን የሚቀበል) ካለው ከሚክሰሩ ላይን ይልቅ የጊታር አምፕ ግቤት ይስማማዋል፤ የግቤቱ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ያህል ከፍተኛ ስለሆነ ቤዙን አይበላበትም። ጌይኑን 2፣ ቤዙን 3፣ ሚዱን 4፣ ትሬብሉን 7 አድርጋችሁ ጀምሩ። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ በላይ ስለሚደክም የክራሩ ጥራት እንዳይጠፋ ነው ትሬብሉ ከፍ ያለው። ክራሩ ውስጡ ባዶ የሆነ ገላ ስላለው አምፑ ፊት ከቆማችሁ የአምፑ ድምፅ ተመልሶ ክራሩን ያርገበግበውና ይጮኻል። ጉርምርምታ ከሆነ ቤዙን፣ ፉጨት ከሆነ ትሬብሉን ዝቅ አድርጉ፤ ከሁሉም በፊት ግን ክራሩ ከአምፑ ፊት ወደ ጎን ይውጣ።