ከቶኪዮ ወጣ እንበል፤ የነጋዴዎቹን ከተሞች እንያቸው

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! እንኳን ደህና መጣችሁ።

መድረኩን ስትሰጡኝ ስለ ሥራ ወይም ስለ ቪዛ እንዳወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ስለ ጉዞ ነው የመጣሁት። ብዙዎቻችን ቶኪዮና አካባቢዋ ዓመታት ኖረናል፤ ልጆቻችን እዚሁ ተወልደው ጃፓንኛውን ከእኛ በላይ ያቀላጥፉታል። ግን ከባቡሩ፣ ከሥራ ቦታውና ኮንቢኒ ከምንለው የሰፈር ሱቅ ወዲያ ያለውን አገር ስንቶቻችን አየነው? ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣም ሺቡያ ወስደን ፎቶ አንስተነው፣ አሳኩሳን አዙረን አሳይተነው እንሸኘዋለን። እሱም አይከፋም። የድሮው ሰው እንዴት ይሸጥ፣ እንዴት ይበላ፣ ምን ይፈራ እንደነበር ማየት የፈለገ ግን ነጋዴዎች ወደ ሠሯቸው ትንንሽ ከተሞች መሄድ አለበት።

ከቅርቧ ልጀምር። ካዋጎዌ ቶኪዮ ውስጥ ካለው ከኢኬቡኩሮ ጣቢያ በቶቡ ኩባንያ ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። (ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1893 ትልቅ እሳት ተነሥቶ የከተማዋን ብዙ ክፍል አመድ አደረገው። ነጋዴዎቹ ፍርስራሹን ሲያዩ በወፍራም ጭቃ የተለሰኑት ጥቂት ቤቶች ቆመዋል። በ1792 የተሠራው የኦሳዋ ቤት አንዱ ነው፤ ዛሬም ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ከዚያ በኋላ አቅም ያለው ነጋዴ ሁሉ ሱቁን በዚያው ዓይነት መሥራት ጀመረ። ጥቁር ግድግዳ፣ ከባድ ጣሪያ። ስትሄዱ መስኮቶቹን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። መዝጊያቸው ራሱ ግድግዳ የሚያክል ውፍረት አለው፤ ጠርዙ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ተሠርቷል፤ ሲዘጋ አንዱ ደረጃ ሌላው ውስጥ ይገጥማል፣ እሳት ሾልኮ የሚገባበት ቀዳዳ አይተውም። እሳት ሲመጣ ደግሞ በስንጥቁ ላይ ጭቃ ይመርጉበት ነበር። አንድ ጊዜ ሁሉን ያጣ ሰው ዳግመኛ ላለማጣት ምን ያህል እንደሚጠበብ እዚያ መዝጊያ ላይ ይታያል። የሰዓቱ ማማ ደወልም ዛሬ ድረስ በቀን አራት ጊዜ ይደወላል። ቅዳሜና እሁድ ግን ሰው ይበዛባታል፤ ከቻላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ።

እኔ ከሁሉም የምወዳት ሳዋራን ነው። ቺባ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ናት፤ ከናሪታ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚወስደው። የእኛው አየር መንገድ የሚያርፍበት ናሪታ! አጠገቧ አርፈን በቀጥታ ወደ ቶኪዮ እንከንፋለን፤ እንዲህ ያለች ከተማ እዚያው ጎን እንዳለች ማንም አይነግረንም። በመሃሏ ኦኖ የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፋል። ድሮ ሩዝ፣ ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥና ሾዩ የሚባለው የአኩሪ አተር ማጣፈጫ በጀልባ ተጭኖ፣ በቶኔ ወንዝ አድርጎ ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ ይሄድ ነበር። ጀልባው የሚራገፍባቸው የድንጋይ ደረጃዎች አሁንም ከሱቆቹ ፊት ወደ ውሃው ይወርዳሉ።

እዚያ ወንዝ ዳር የኢኖ ታዳታካ ቤት አለ። የዚህን ሰው ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሳኬ ጠማቂ ነጋዴ ነበር፤ በጋብቻ የገባበትን ቤተሰብ ንግድ አሳድጎ ሀብታም ሆነ። ወደ 50 ሲጠጋ ቤቱን ለልጁ አስረክቦ ኤዶ ገባና በ19 ዓመት ከሚያንሰው መምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ የከዋክብት ትምህርት ተማረ። በ1800 ደግሞ በ55 ዓመቱ እርምጃውን እየቆጠረ ዛሬ ሆካይዶ ወደምንላት ደሴት በእግሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የጃፓንን የባሕር ዳርቻ ሲለካ ነው የኖረው። በ1818 አረፈ፤ ካርታውን ተማሪዎቹ በ1821 ጨረሱት። ከቤቱ ማዶ ያለው ሙዚየም ገብታችሁ ካርታውን ከዛሬው ካርታ ጋር ስታስተያዩት እጅ በአፍ ያስጭናል። በሃምሳ ዓመቴ ምን ልጀምር የምትሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ሳዋራን ከሌላው ሁሉ በፊት እዩ።

በማርች 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ የሳዋራ ቤቶች የጣሪያ ክዳን ረግፎ ነበር። መልሰው አቆሟቸው። ይሄንን የማነሣው አሮጌ ቤት ዝም ብሎ የሚቆይ ለሚመስለን ነው፤ አይቆይም፤ የሚያቆየው ሰው ነው። ኦሚሃቺማንን ተመልከቱ። ሺጋ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ከኪዮቶ በባቡር ከ40 ደቂቃ በታች ናት። በ1585 ቶዮቶሚ ሂዴትሱጉ የሚባል የጦር ጌታ የምሽግ ግንቡን ሲሠራ ከቢዋ ሐይቅ ጋር የሚያገናኝ ቦይ አስቆፈረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግንቡ ፈረሰ፣ ጌታው ሄደ፣ ነጋዴዎቹ ግን ቀሩ፤ የወባ አጎበርና ታታሚ የሚባለው የወለል ምንጣፍ የሚለብሰውን የሣር ሽፋን በትከሻቸው እየተሸከሙ አገር ላገር ዞረው ሸጡ። ዘመን ሲለወጥ ቦዩ ጀልባ አጣ፣ ቆሻሻ ሞላው፣ ገማ። ይደፈን ተባለ። ያኔ በ1970ዎቹ የከተማዋ ወጣቶች አይደፈንም ብለው ቆርጠው ተነሡ፤ እሁድ እሁድ ራሳቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው ሲዝቁ ያየ ጎረቤት ቀስ በቀስ ተቀላቀለ፣ የመድፈኑም ዕቅድ ቀረ። ዛሬ ጀልባ ላይ ሆናችሁ የምታልፉት በዚያ ቦይ ነው።

ራቅ ብላችሁ መሄድ ለምትችሉ ታካያማ አለች። እስከ ናጎያ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር፣ ከዚያ ሂዳ በሚባለው ባቡር ወደ ተራራው። የሳኬ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ከጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ኳስ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ አዲሱ ሳኬ ደርሷል፣ ከከረመ ቡናማ ይሆናል። በዓሏ ኤፕሪል 14ና 15፣ ከዚያም ኦክቶበር 9ና 10 ነው፤ ያኔ ማደሪያ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ አታገኙም።

አንድ ነገር አደራ። አሮጌ ቤት ስትገቡ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወልቃል፤ የልጆቹን ካልሲ ከቤት ሳትወጡ እዩት። ብዙዎቹ ቤቶች ውስጥ ሰው ይኖራል፤ በመስኮት ካሜራ አትደግኑ። ሱቅ ከገባችሁ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ግዙ፤ አንድ ጠርሙስ ሾዩ፣ አንድ ብስኩት። ቢቻላችሁ እደሩ። ባለሱቁ ጣሪያውን የሚያድሰው ፎቶ በሚያነሣ ሰው ብዛት አይደለም።

ለሳዋራ አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል። ልጆች ያላችሁ ከዚህ ስንወጣ በሩ ላይ ጠብቁኝና የሚመቻችሁን ቀን እንነጋገር። ሱቆቹ አመሻሽ ላይ ስለሚዘጉ በጠዋት ነው የምንነሣው፤ ካርድ የማይቀበሉም ስላሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። አመሰግናለሁ።